አባ ይመለስና ከቋቱ ውጭ የቀረችው ልጅ

ሽማግሌው ሐኪም «አባ ይመለስ» የተባሉት በእስክሪብቷቸው ጦስ ነው። የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ዋና አዘጋጅ ሆነው፣ ከሌላ የተገለበጠ፣ ሁለት ጊዜ የታተመ ወይም ከርዕሱ በቀር ምንም የሌለው ጽሑፍ ሲደርሳቸው ጥጉ ላይ «ይመለስ» ብለው ይጽፋሉ። ጸሐፊው ፕሮፌሰር ይሁን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ግድ የላቸውም። ሰላምታ የሚሰጣቸው ሰው እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ የሆስፒታሉ ዘበኛ ብቻ ቀረ፤ እሱም ጽሑፍ ልኮላቸው ስለማያውቅ ነው።

መጽሔቱማ ምን ነበር? የአዘጋጅ ቦርዱ ስም ዝርዝር አንድ ገጽ አይበቃውም። ግማሾቹ መጽሔቱን ገልጠው አያውቁም፤ ጥቂቶቹ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የሞቱት ቢያንስ ሥራ አያደናቅፉም። ይታተማል፣ ለየክፍሉ ይታደላል፣ ከዚያ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ይሆናል። የሌላ አገር ሐኪም አያገኘውም። ዓለም ጥናት የሚፈልገው በኮምፒውተር ከሚከፈተው ትልቅ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው፤ እዚያ ያልተመዘገበ መጽሔት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ዱቄቱ ቋት ውስጥ ካልወደቀ መፈጨቱን ማን ያምናል?

ቋቱ ግን ደጅ ያስጠናል። ጽሑፍ ሁሉ ጸሐፊውን በማያውቁ ባለሙያዎች መመርመር አለበት፤ አዘጋጅ የራሱንና የዘመዱን ሥራ መግፋት የለበትም፤ እትሙም በወሩ መውጣት አለበት። አንዴ ከዘገየ ነገሩ እንደገና ከሀ ይጀምራል። አባ ይመለስ ይህን ሕግ ወደዱት። «የአማቼን ጥናት ካልጠቀሳችሁ አላሳልፋችሁም» እያለ ጸሐፊዎችን ያስጨንቅ የነበረ አንድ አዘጋጅ ነበር፤ በስብሰባ መካከል አስነስተው አባረሩት።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ እሷም ሐኪም፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል። አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ከማዋለጃው ወደ እሷ ክፍል በረጅሙ ኮሪደር ሲመጡ ቀዝቅዘው እንደሚደርሱ አስተዋለች። ቴርሞሜትሯን ይዛ ስትከታተል ከረመች፤ ኮፍያ አድርገው፣ ከእናታቸው ደረት ላይ ተለጥፈው የመጡት ሙቀታቸው እንደማይወርድ አረጋገጠች። ጻፈችው። አባትየው እጃቸውን አላስገቡበትም፤ ሌሎች መረመሩት፣ ሌሎች አሳለፉት። እሳቸው የወሰኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየትኛው እትም ይውጣ የሚለውን።

ለአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ እትም ተይዞላት ነበር። ይሁንና የዓመቱ ማብቂያ እትም አንድ ጽሑፍ ጎደለው። ያጎደለው ምክትል አዘጋጁ ነው፤ በየስብሰባው ቀድሞ ስለሚያጨበጭብ «ዶክተር ጭብጨባ» ይሉታል። «ነገ አመጣለሁ» ሲል ከርሞ፣ ማተሚያ ቤቱ «የታለ?» ሲል ጽሑፉ ገና አልተጀመረም። እትሙ እንዳይዘገይ አባ ይመለስ የልጃቸውን ጽሑፍ ስበው ቀዳዳውን ደፈኑበት። «እኔን ቡሽ አደረግኸኝ አይደል፣ አባዬ?» ብላ ሳቀችባቸው። እትሙ በወሩ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ከአዳር ሥራ ስትመለስ መኪና ገጫት። ቀብሯ ላይ ዶክተር ጭብጨባ ንግግር አደረገ፤ ሥራዋ ዘላለም ሕያው ነው አለ። ሥራዋ ስለ ምን እንደሆነ ግን አልተናገረም፤ አላነበበውማ።

ከዚያ ወዲህ ቋቱ ለአባ ይመለስ ሌላ ነገር ሆነ። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ እራት ላይ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ገባች ወይ? የትም ያለ ሰው ስሟን ቢፈልግ ያገኛታል ወይ? ሽማግሌው ማመልከቻ ጻፉ፤ ሙታኑን ከቦርዱ አሰናበቱ፤ የዓይናቸውን ብርሃን በፊደል ለቀማ ጨረሱ።

መጽሔቱ ተቀባይነት አገኘ። ማኅበሩ ኬክ ቆረሰ፣ ባነር ሰቀለ። ዶክተር ጭብጨባ ዓለም እሱን ሲፈልግ የኖረ ይመስል «ዓለም አወቀን» እያለ እንባውን ጠረገ። አባ ይመለስ ኬኩን ሳይነኩ ቤታቸው ገቡ።

«ገባን» አሉ።

«እሷስ?»

ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። «የሚመዘግቡት ከዚያ ከአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ እትም ወዲህ ያለውን ነው። የቀድሞው አይገባም።»

ባለቤታቸው የሒሳብ ሰው ናቸው፤ ማስላት አላስፈለጋቸውም። «ከነበረችበት እትም ባትነካት ኖሮ…» ብለው ተዉት።

ዶክተር ጭብጨባ ይህን ሲሰማ መላ አላጣም። ርዕሱን ቀየር አድርገን እንደ አዲስ እናትመው፣ ማን ያውቅብናል አለ። አባ ይመለስ ሁለቴ የታተመ ጽሑፍ ሲመልሱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ እንቢ አሉ። ሌባው በሰፊው በር ይገባል፤ ሐቀኛው ራሱ በሠራው በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ይቀራል።

ከጊዜ በኋላ ከሌላ ሆስፒታል አንድ ጽሑፍ መጣ፤ ስለ ኮሪደርና ስለ ቅዝቃዜ፣ ስለ ኮፍያና ስለ እናት ደረት። ጸሐፊዋ ወጣት ሐኪም ናት፤ ጥፋት የለባትም፤ ቋቱን አገላብጣ ፈትሻ «በዚህ ጉዳይ ላይ ከዚህ በፊት የተደረገ ጥናት አላገኘንም» ብላለች። «የልጄን ጥቀሺ» እንዳይሏት፣ ዘመዱን ያስጠቀሰውን ሰው ያባረሩት ራሳቸው ናቸው። ጽሑፉን ለምክትላቸው ሰጡት።

«ይህን እኔ መንካት የለብኝም» አሉት። «አንተ ግን ቀብር ላይ ያልከውን አስታውስና እየው።»

ዶክተር ጭብጨባ ቀብር ላይ ያለውን አላስታወሰም፤ የሚያስታውሰው ድምፁ እንዴት እንዳማረለት ብቻ ነው። ርዕሱን አየ፤ አዲስ ግኝት ነው ብሎ አሳለፈው።

ከመታተሙ በፊት የመጨረሻው እርማት እንደ ወትሮው እሳቸው ጠረጴዛ ላይ መጣ። ያቺ «አላገኘንም» የምትለው ዓረፍተ ነገር እንዳለች ነበረች። እስክሪብቷቸው እስከ ጥጉ ድረስ ሄደ፤ እዚያ ቆመ፤ ተመለሰ። አንድ የጎደለ ነጠላ ሰረዝ አስገብተው ለቀቁት።

እራት ላይ ለባለቤታቸው ነገሯቸው።

«ስሟ የለም?»

«የለም።»

«ሕፃናቱስ? አሁን ይሞቃሉ?»

«የሚያነብ ካለ ይሞቃሉ።»

«እንግዲያስ ልጄ ገብታለች» አሉ ባለቤታቸው።