ቀይ በተን አይነካም

ኮልፌ፣ እህል መጋዘን ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ከአስኮ በታክሲ ተጋፍቼ ስደርስ ባለቤቱ አቶ ደግፌ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሰላምታውን እንኳ ሳያስጨርሱኝ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡኝ። ሥራዬ የመጋዘኑን ገቢና ወጪ ኤክሴል ላይ ማደራጀት ነበር። መዝጋቢው ግን እኔ ሳልሆን፣ ዕድሜያቸውን እዚያው የፈጁት የመጋዘን ኃላፊ እትዬ ብርሃኔ ናቸው።

አቶ ደግፌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሴትየዋ እስከ ወሩ መጨረሻ ኮምፒውተሩን ካልለመዱ መጋዘኑን ለሌላ ሰው እንደሚያስረክቡ ነገሩኝ። እትዬ ብርሃኔ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ሥራ ነው። አንጀቴን በሉት። ብዛቱን ብቻ ጽፈው የሚጫኑት በተን ልሠራላቸው ወሰንኩ።

ኤክሴል ውስጥ ያለው ዝግጁ በተን ግራጫ ነው፤ ቀለም አይቀበልም። ስለዚህ ሬክታንግል ስዬ፣ ቀለም ሰጥቼ፣ በቀኝ ክሊክ ማክሮ፣ ማለትም ሲጫኑት ቁጥሩን በራሱ የሚመዘግብ ትእዛዝ፣ አያያዝኩበት። ዓምዱ ሲሰፋ አብሮ እንዳይለጠጥም አደረግኩ። «ገቢ» አረንጓዴ ሆነ። «ወጪ» ቀይ ይሁን፣ ሲነኩት ይጠንቀቁ ያሉት አቶ ደግፌ ናቸው። ቤቱ የሳቸው ነው፤ እኔ ምን አገባኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ጉድ ፈላ። መጋዘኑ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ሙሉ ነው ይላል። ገቢው አንድም ሳይቀር ተመዝግቧል፤ ወጪ የሚባል ግን የለም። አቶ ደግፌ «አላልኩህም?» አሉኝና ሌላ ሰው ማፈላለግ ጀመሩ። እኔም ማክሮውን ስበረብር ዋልኩ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ሲመረኝ ሄጄ እትዬ ብርሃኔ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጤፍ የጫነ አይሱዙ ወጣ። ብዛቱን በትክክል ጻፉ፤ ማውዙን ወደ ቀዩ አስጠጉና እጃቸውን አነሱ። ለምን እንደማይጫኑት ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ቀይ አይነካም እኮ» አሉኝ። «አቶ ደግፌ መጥተው የሚጫኑት መስሎኝ።»

በአገጫቸው ወደ ጥጉ ጠቆሙኝ። እርጥበት የገባው ጆንያ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ባለቤቱ አይተው ጨርቁን እስኪፈቱት ድረስ ማንም አይነካውም። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው አቶ ደግፌ ናቸው።

ቀዩን ሰማያዊ አደረግኩት። ጽሑፉንም ጫኝና አውራጆቹ በሚጠሩት ቃል ለወጥኩት፤ ገቢው «ወረደ»፣ ወጪው «ተጫነ»። ለእርጥብ ጆንያ ብቻ ቀይ በተን ጨመርኩ፤ ያለ አቶ ደግፌ የይለፍ ቃል አይሠራም።

ነገሩን ሳስረዳቸው አቶ ደግፌ ጥጉን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ። የሚቀጥለው አይሱዙ እስኪጫን ከእትዬ ብርሃኔ ጀርባ ቆሙ። እትዬ ብርሃኔም ብዛቱን ጽፈው ሰማያዊውን ተጫኑ። ቀሪው ቀነሰ።

«ቀይ እንዳይነኩ ያልኩዎት እኔው ነኝ» አሉ አቶ ደግፌ። «መጋዘኑ እርስዎ ዘንድ ይቆይ።»

እትዬ ብርሃኔ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው ጆንያ ሊያስቆጥሩ ወጡ። እኔም አቀርቅሬ ፋይሉን ሴቭ አደረግኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ በተን ሠርቻለሁ። ቀለም ከመምረጤ በፊት፣ የሚጫነው ሰው የማይነካው ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ።