ጥንዱን አብራችሁ ቀይሩ

ደብረ ታቦር ውስጥ ብስኩት የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ብስኩቱን እያነሳ ካርቶን ውስጥ የሚደረድረው ሮቦት ሦስት እጅ አለው፤ እያንዳንዱ እጅ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች የተሠራ ነው። አንድ ቀን የአንዱ ዘንግ መገጣጠሚያ ተበልቶ አገኘሁት። መመሪያው «ጥንዱን አብራችሁ ቀይሩ» ይላል። እኔ ብልጡ ግን ደህናው ምን በወጣው ብዬ የተበላውን ብቻ ቀየርኩ። ሳምንት ሳይሞላው እጁ እየተንቀጠቀጠ ብስኩቱን ይሰብር ጀመር። ብፈታው አዲሱም ተበልቷል።

በዚያው ቅዳሜ ጉና ወዳሉት አባቴ ወጣሁ። የእናቴ ተዝካር ካለፈ ወዲህ ዘመዶች አንዲት ወጣት ሴት አጭተውላቸው፣ «እንዲያገቡ አግባባቸው» ብለው ልከውኝ ነበር። ከየት እንደምጀምር ቢጨንቀኝ ስለ ሮቦቱ አወራኋቸው።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ወይፈን ካረጀ በሬ ጋር ጠምደህ ቀንበሩ ቀጥ ይላል ብለህ ነው?» አሉኝ። «ሁለቱንም በደልካቸው።»

የተላክሁበትን ነገር ሳልተነፍስ በማግስቱ ወረድኩ። ዘመዶቼ «ምን አሉህ?» ብለው ከበቡኝ።

«ስለ በሬ ነው ያወራነው» አልኳቸው።