ጧፍ ድንጋይን ልናስመዘግብ ሄደን

ሰኞ፣ ቢቸና፣ ንጋት

ላንድሮቨሯ በብርድ አልነሳ ብላ ሦስታችን ገፋናት፤ ሾፌሩ ደምሴ፣ አብሮኝ ከአዲስ አበባ የመጣው ኢንጂነርና እኔ። ሥራችን ድንጋይ መመዘን ነው። ገደል፣ ዋሻ፣ ፏፏቴ፣ ቋጥኝ እናያለን፤ ለውበቱ፣ ለመንገድ ቅርበቱ፣ ላለመጎዳቱ ነጥብ እንሰጣለን። የበቃው መዝገብ ገብቶ በጋዜጣና ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ማስታወቂያ ለአገር ጎብኚ ይነገርለታል፤ ጥርጊያ መንገድም ይወጣለታል። ኢንጂነሩ ይመረምራል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ነገ የምናየው የኔን አገር ነው። ከሞጣ ወዲያ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ጧፍ ድንጋይ የሚባል አለ፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ጥቁር ድንጋዮች፣ እንደ ጧፍ ተጣብቀው የቆሙ። ንፋስ ሲገባባቸው ያዜማሉ። ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ስኖር ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ሰው ዘመድ ይናፍቃል፤ እኔ ዘመዶቼን ቀብሬ ጨርሻለሁ፣ የቀረኝ ድንጋይ ነው።

ሰኞ፣ ደብረ ወርቅ፣ አራት ሰዓት

አቧራ ስናኝክ መጣን። ግራና ቀኝ የታጨደ ጤፍ፣ ክምር፣ በጭነት የጎበጡ አህዮች። ሻይ በአሥር ሳንቲም፤ ስኳሩ ብዙ፣ ሻዩ ትንሽ።

«ድንጋይ ለማየት ይህን ሁሉ ነዳጅ?» አለ ደምሴ። «እኔ በነፃ አሳያችሁ ነበር፤ ጎማዬ ሥር ሞልቷል።»

«አንገትህ ላይም አንድ አለ» አልኩት።

ኢንጂነሩ ሳቀ። ወዲያው ግን፣ «አንተም ባገርህ ድንጋይ ብዙ አትመካ። የማየው እንጂ የምሰማው ነጥብ አያሰጥም» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ተቀየምኩት።

ማክሰኞ፣ ሞጣ፣ ጠዋት

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። በራሴ እጅ ለአገሬ ሰው የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ የዛሬ ሦስት ወር በምክትል ወረዳው በኩል የላክሁት ነው፦ «በኅዳር ጧፍ ድንጋይን ለማየት እንመጣለን። በኋላም ብዙ እንግዳ ይመጣል። ቦታውን አሰናዱ።» ከላኩት ወዲህ ሌሊቱ አልነጋልኝ እያለ ነው የሰነበትኩት።

ማክሰኞ፣ ጧፍ ድንጋይ፣ ስድስት ሰዓት

ከመኪና ወርደን አንድ ሰዓት በእግር ሄድን። ሰዉ ነጭ ለብሶ ይጠብቀናል። የመንደሩ ጭቃ ሹም አያ ተሻለ፣ አባቴን የሚያውቁ ሽማግሌ፣ እጄን ይዘው ወደ አፋፉ ወሰዱኝ።

«ደብዳቤህን ቄሱ አነበቡልን። እንግዳ መሬት ላይ አይቀመጥም ብለን፣ ይኸው።»

ክብ መደብ ሠርተዋል። ሰፊ፣ የተስተካከለ፣ ጥቁር። ድንጋዩ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው። ቀና ብዬ አፋፉን አየሁ፤ የተረፈው ጉቶ ብቻ ነው።

«አያ ተሻለ፣ ምን ነካችሁ!»

«ምነው? ተጠርቦ ያደረ ድንጋይ አይደል? እግዜር ለእንግዳ ያስቀመጠው ነው። አጨዳችንን ትተን ሁለት ሳምንት በደቦ ሠራነው እኮ!»

ንፋሱ መጣ፤ ድምፅ ሳያሰማ አለፈ።

ኢንጂነሩ ጉቶውን ዞሮ አየ፣ ለካ። «ጻፍ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ጉዳት፦ ከፍተኛ። ለመዝገብ አይበቃም።»

ጻፍኩ። ፊደል እንደ ጀመርኩ ሰሞን፣ አንድ በአንድ።

«ምን ይላል? አንብብልን እንጂ» አሉ አያ ተሻለ። «እንግዶቹ መቼ ይመጣሉ? መንገዱስ?»

ደምሴ በዓይኑ ዋሽ አለኝ። አልችልበትም።

«አይመጡም። መንገዱም አይወጣም። ሊያዩት የነበረው ይህን የፈለጣችሁትን ድንጋይ ነው። አትንኩት ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ አልጻፍኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አንድ ጎልማሳ መዳፉን ገልጦ አየ፤ ቁስሉ ገና አልሻረም።

አያ ተሻለ መደቡን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እንግዲያ አንተ ተቀመጥበት» አሉኝ። «ከሩቅ የመጣኸው አንተ ነህ።»

ተቀመጥኩ። ጠላውን ሽማግሌዎቹን አልፈው ለኔ አስቀድመው ቀዱልኝ። የአገር ልጅ ብሆን ኖሮ ተራዬን እጠብቅ ነበር።