ላቦራቶሪ ውስጥ ጨው ፍለጋ የገባችው ሴት

ትናንት ጠዋት የላቦራቶሪውን በር ስከፍት... ውስጥ ሰው አለ።

እኔ እዚህ ቆቦ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የላቦራቶሪ ዕቃ ያዥ ነኝ። የሚያውቀኝ ሁሉ ፈሪ ይለኛል። ባለቤቴማ «አንተ እኮ ከጥላህ ትሸሻለህ» ነው የምትለኝ። ምን ላድርግ? አንደኛ፣ አሲድ አለ። ሁለተኛ፣ መርዝ አለ። ሦስተኛ፣ የሚገባው ተማሪ የሰው ልጅ ነው። አራተኛ፣ የአምስት ልጆች አባት ነኝ።

ዘንድሮ ትምህርቱ ቆሞ ክፍሎቹ ረሃብ ከቀዬው ላስነሳው ሰው ተለቀዋል። ከሮቢት በታች ካለው ሜዳ፣ ከጎብዬ ዙሪያ... በእግሩ መድረስ የቻለ ሁሉ እዚህ ነው። ያልተለቀቀችው የኔዋ ክፍል ብቻ ናት። የሷንም መስኮት ነፋስ ሰብሮታል። «ጣውላ ይመታበት» ብዬ ስለምነው ዳይሬክተሩ «ሰው እያለቀ ስለ መስኮት ታወራለህ?» አለኝ።

ሴትዮዋ የገባችው በዚያው መስኮት ነው። አንድ ነጭ ነገር ያለበት ብልቃጥ ደረቷ ላይ ታቅፋለች። ጽሑፉን አነበብኩት። ባሪየም ክሎራይድ። ለዓይን ጨው ነው... ሆድ ከገባ ግን ልብ ያቆማል።

«አስቀምጪው! መርዝ ነው!» አልኳት።

«ለእኛ ሲሆን መርዝ ሆነ?» ብላ በጎኔ አልፋ ወጣች።

ልነጥቃት እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ብልቃጡ ቢሰበርስ? መሬት ላይ የፈሰሰውን ሕፃናቱ ቢለቅሙትስ? እየሮጥኩ ተከተልኳት።

ግቢው ውስጥ ሦስት ጉልቻ ላይ ድስት ተጥዷል። የዱር ቅጠል ይንተከተካል። ዙሪያውን ሰው ተቀምጧል።

«ዘሃራ፣ ጨው አገኘሽ?» አሏት አንድ ሽማግሌ።

ቀድሜያት ድስቱ ፊት ቆምኩ።

«ጨው አይደለም አባቴ! ይሄ በእጅ አይነካም፣ አይሸተትም፣ አይቀመስም...»

«መርዝ ቢሆን እንዲህ በክዳን፣ በቁልፍ ያስቀምጡት ነበር?» አሉኝ።

«መርዝ ስለሆነ እኮ ነው የተቆለፈበት!»

«ወርቅም ይቆለፍበታል» አሉ ሽማግሌው። ሰዉ ሳቀ።

ዘሃራ ግን አልሳቀችም። ቀሚሷን የያዘች ትንሽ ልጅ አለቻት፤ ከዓይን በቀር ምንም ያልቀራት።

«እህል አልጠየቅንህ» አለችኝ። «ቅጠሉ አልወርድ ብሏት ነው ልጄ። በአፏ ይዛ ትተፋዋለች። የአፋሮቹ ግመል ከቀረ ወዲህ ጨው ምን እንደሚመስል ረስታለች። ጨው ይከለከላል? ያ ረቢ!»

ከድስቱ ፊት ግን ንቅንቅ አላልኩም።

«እኔን ረግጠሽ ካላለፍሽ አይገባም» አልኳት።

ክዳኑን ከፈተችና በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ወደ አፌ አስጠጋችው።

«እንግዲያው ቅመስልን። ባለቤቱ ይቅመስ፣ እኛ እንከተላለን።»

መቼም በአገራችን ምግብ ያቀረበ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል። እኔ ግን አፌን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላ ስፈናጠር ድስቱን ልገለብጠው ምንም አልቀረኝ።

«አልቀምስም! አልቀምስም! የአምስት ልጆች አባት ነኝ!»

ድምፄ ቀጥኖ ለእኔው አስጠላኝ። አሁን በሳቅ ሊሞቱ ነው ብዬ ስጠብቅ... ማንም አልሳቀም።

ዘሃራ ፊቴን አየችው። ጣቷን አየች። ከዚያ ልጇን።

«ሰውዬው እውነቱን ነው» አለች። «ወላሂ፣ እንዲህ የፈራ ሰው አይዋሽም።»

የቆነጠረችውን መልሳ ከደነችና ብልቃጡን ሰጠችኝ።

«ልጅቷን እንዳትነኪ! ምንም እንዳትነኪ!» እያልኩ ሮጥኩ። ብልቃጡን ቆለፍኩበት፣ ውሃና ሳሙና ይዤ ተመለስኩ። እየደጋገምኩ እጇ ላይ አፈሰስኩላት።

«እንደ ሠርግ እንግዳ አስታጠብከኝ» አለች። «ማዕዱስ የታለ?»

ይቺ ቃል ወጋችኝ። መርዙን ቀማኋት፤ ጨዉስ? ልጅቷ አሁንም ቅጠሉን እየተፋች ነው። ቤቴ ድረስ ስሮጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላረፍኩም።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው?» አለች ባለቤቴ።

«ጨው!»

«ያለችን ይቺው ናት። ልጆቹስ?»

«ግማሹ ለልጆቹ።»

አሞሌዋን ሰንጥቃ ሰጠችኝ። አንድ ጥያቄ አልጨመረችም። ፊቴን አይታ መሰለኝ።

ተመልሼ ጨዉን ዘረጋሁ። ማንም እጁን አልሰደደም። ሁሉም የሚያየው አፌን ነው... ያኔ ገባኝ። አሞሌዋን ላስኩ።

«ድገመው» አለች ዘሃራ።

ደገምኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«በል ተው፣ ሳትጨርሰው!» አሉ ሽማግሌው። ያን ጊዜ ነው ሳቁ የመጣው።

ትንሿ ልጅ ጨው የነካውን ቅጠል አፏ ውስጥ አቆየችው። ትተፋዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ዋጠችው። እናቷ ፊቷን ወደ ክፍሎቹ ግድግዳ አዞረች።

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩንም ማንንም ሳልጠይቅ ያረጀ ዴስክ ፈልጬ መስኮቱን በሚስማር ደፈንኩት። ይጠይቀኝ! መልሴን በተራ ቁጥር አዘጋጅቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ስደርስ ዘሃራ ድስቷን ጥዳ የላቦራቶሪው በር ላይ ቆማለች። ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። ለጨው መስሎኝ ኪሴን መዳበስ ጀመርኩ።

«መጀመሪያ አስታጥበኝ እንጂ!» አለችኝ።

ስንት ዓመት ሙሉ የላቦራቶሪ ደንብ አስተምሬያለሁ... እንዲህ ያለ ተማሪ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።