ኩርባው ላይ የቀሩ አራት ድንጋዮች

ዳምጠው ሠላሳ ዓመት ነድቶ አንድ ሰው ገጭቷል። ወልድያ ተወለደ፤ ለሹፌሩ ለወርቁ ረዳት ሆኖ ሠራ፤ ደሴ ሄዶ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ከዚያ ኤን ትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ያዘ። ብዙ አይናገርም ነበር።

በዚያ ዘመን ሹፌሮች ስለ አደጋ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰጡ ነበር። አንዱ «ሰው ከገጨህ ወደ ኋላ አትይ፤ ፖሊስ ጣቢያ በር እስክትደርስ ንዳ» የሚል ነው። ዘመድ ደርሶ ሹፌር የተገደለበት ቦታ ስላለ ምክሩን የሚንቅ አልነበረም። ሌላው የወርቁ ነው፦ «ቁም። ጎማህ ያረፈበትን በድንጋይ ምልክት አድርግ። ቁስለኛውን ጫን። ከዚያ እጅህን ስጥ። የሚሰድብህ ይስደብህ።»

በ1979 ዓ.ም. ኅዳር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዳምጠው ከኮምቦልቻ ማዳበሪያ ጭኖ ይመጣ ነበር። ውርጌሳን አልፎ መርሳ ሳይደርስ፣ ኩርባ ላይ፣ አብዱልጀሊል የሚባል ገበሬ ከገበያ የገዛውን በሬ እየሳበ ይሄዳል። በሬው የመኪናውን ድምፅ ሲሰማ ገመዱን አስለቅቆ አስፋልቱን አቋረጠ። ሰውየው ተከተለው። በሬው አለፈ፤ ሰውየውን መኪናው ጭኑ ላይ መታው።

ዳምጠው ቆመ። ረዳቱ ለብሔራዊ ውትድርና ስለተወሰደ ብቻውን ነው። ሌላ መኪና ጠበቀ፤ አልመጣም። ከመንገዱ ዳር አራት ትልልቅ ድንጋይ አምጥቶ የፊትና የኋላ ጎማዎቹ ባረፉበት አስቀመጠ። ቀኙን ይዞ መምጣቱን፣ ኩርባውን ቆርጦ በግራ አለመግባቱን የሚያሳይለት ሌላ ነገር አልነበረም። አደጋውን ያየው በሬው ብቻ ነው። ከዚያ ከእርሻ ሮጠው የደረሱ ሁለት ሴቶች አግዘውት ቁስለኛውን ጋቢና ውስጥ አስተኛና ወደ መርሳ ነዳ።

ጤና ጣቢያው «አጥንቱ ተሰብሯል፤ ለሕይወቱ አያሰጋም» አለ። ዳምጠው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቁልፉን ለአምሳ አለቃ ፈንታው አስረከበ።

«ትራፊክ ከወልድያ የሚመጣው ነገ ጠዋት ነው» አለው ፈንታው። «አንተ እዚህ ታድራለህ።»

ዳምጠው በመስኮቱ ተመለከተ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው።

«ድንጋዮቹ አስፋልቱ ላይ ናቸው» አለ። «ሳይመሽ ሄጄ ላንሳቸው።»

«ድንጋይ ላንሳ ብሎ የሚያመልጥ ሹፌር ገና አልሰማሁም። ብልህ ነህ።»

«እንግዲያው ሰው ይላኩ።»

«በምን? መኪናህ ኤግዚቢት ነው። እኛ መኪና የለንም።»

በዚህ መሀል የአብዱልጀሊል ታላቅ ወንድም አብዱልሐሊም ሽመሉን ይዞ ገባ። ከኩርባው አጠገብ ካለው ቤቱ በእግሩ ነው የመጣው።

«ወንድሜን የሰበረው የቱ ነው?»

ፈንታው ሽመሉን ተቀበለው። «ወንድምዎን አዩት?»

«አየሁት። ስለ በሬው ነው የሚጠይቀኝ።»

«በሬውስ?» አለ ዳምጠው ሳያስበው።

«በሬው ደኅና ነው። አንተ ዝም በል!»

ዳምጠው ዝም አላለም። «አባቴ፣ ሲመለሱ በዚያው ያልፋሉ። አስፋልቱ ላይ አራት ድንጋይ አለ። ዳር ያውጡልኝ።»

«ወንድሜን ሰብረህ ድንጋይህንም ልሸከምልህ?»

«ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ሰዓት እላፊ እንዳይዘው ይሮጣል። ድንጋዮቹን የሚያያቸው ከኩርባው ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ቢፈልግም መቆም አይችልም።»

ፈንታው ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? አገሩ ሁሉ ኩርባ ቆርጦ መጣ እያለ ነው። ድንጋዩ ከተነሣ ነገ ለትራፊኩ ምን ልታሳይ ነው? ያውም ማስረጃህን ለተበዳይ ወንድም ነው እንዴ የምትሰጠው?»

«ሌላ በዚያ የሚሄድ ሰው አላገኘሁም።»

አብዱልሐሊም ሽመሉን ተቀብሎ፣ እሺም እምቢም ሳይል ወጣ።

ሊጨልም ሲል አውቶቡሱ በሰላም መርሳ ደረሰ። ሰው አውርዶ ወደ ወልድያ ቀጠለ። ዳምጠው ድንጋዮቹ መነሣታቸውን ያወቀው ያኔ ነው። ማስረጃውም አብሮ ተነሥቷል።

በማግስቱ ትራፊክ ፖሊሱ ፈንታውንና እስረኛውን ይዞ ኩርባው ላይ ወረደ። አስፋልቱ ባዶ ነበር። ሰው ተሰብስቧል፤ አብዱልሐሊምም ቆሟል።

«ምልክት አድርጌያለሁ ብለህ አልነበር?» አለ ትራፊኩ። «የታለ?»



«ኩርባውን ቆርጦ ነው የመጣው!» አለ አንድ ጎረምሳ ከሰው መሀል።

አብዱልሐሊም ዞረበት። «አይተሃል?»

«አላየሁም። ግን ሹፌር አይደል?»

አብዱልሐሊም ሽመሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አቅፎ መጣና በወልድያ አቅጣጫ በስተቀኝ በኩል አስፋልቱ ላይ አኖረው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አመጣ። አራተኛውን ካስቀመጠ በኋላ ትንሽ ወደ ዳር ገፋው።

«ትናንት ማታ እኔ ነኝ ያነሣኋቸው» አለ። «እዚህ ነበሩ። ይሄኛው ጣቴን ቀጥቅጦኛል፤ ቦታውን አልረሳውም።»

ትራፊኩ ድንጋዮቹን፣ ቀጥሎም ሰውየውን አየ። «የተጎዳው ወንድምዎ መሆኑን ያውቃሉ?»

«ወንድሜ ነው። ድንጋዩም እዚህ ነበር።»

ትራፊኩ ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፤ ፕላኑን ነደፈ። መኪናው ቀኙን ይዞ እንደነበር ጻፈ።

ከውርጌሳ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«መንገዱን ክፈቱ!» አለ ፈንታው።

ዳምጠው አንዱን ድንጋይ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። አብዱልሐሊም በክርኑ ገፋ አደረገውና ድንጋዩን ራሱ አቀፈው።

«ተወው። አንተ እስረኛ ነህ።»