ከወንዙ ማዶ ያልቆጠርኋቸው

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የስካሬን ነገር ሳይቀር ስዘረዝር ይህችን አልፌያታለሁ። አንተ አታውቀኝም፤ ለዚህ ይሆናል ለአንተ የምናገረው።

ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ ወደ መተማ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እኛ ሳሉግ እንለዋለን። በየእርሻው ካምፕ፣ በተሰነጣጠቀው ዋልካ መሬት ላይ ያድራል። ሆድ የሚያሳብጠው ካላዛር የሚይዘውም እዚያው ነው። ስንት እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም፤ በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። የበሽታው መርፌ በልኩ እንዲታቀድ እኛ የጤና ሠራተኞች ብዛቱን መገመት ነበረብን፤ ከተመደቡት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ዘዴው ቀላል ነው። መጀመሪያ ለምታገኘው ሳሉግ ሁሉ ቀይ መሐረብ ትሰጣለህ። ከሳምንት በኋላ በየካምፑ ዞረህ መሐረቡ ደርሶት እንደሆነ ትጠይቃለህ። ደርሶናል የሚሉት ከበዙ ጠቅላላው ሰው ጥቂት ነው፤ አልደረሰንም የሚሉት ከበዙ ገና ያላየኸው ብዙ ሰው አለ ማለት ነው። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብል እንዴት ደስ ባለኝ።

በሁለተኛው ዙር ከወንዙ ማዶ ያሉት ካምፖች የእኔ ድርሻ ነበሩ። ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ትራክተር ጠፋ፤ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ይህ ሰበብ ነው፤ ጓደኞቼ በእግራቸው ሄደዋል። እኔ ሸሕዲ ከተማ ላይ፣ ሳሉጎች አሠሪ ከሚጠብቁበት ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። መሐረቡን ያደልሁትም እዚያው ነበር። ደርሷችኋል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። እየሳቁ ከአንገታቸው ፈትተው አሳዩኝ። እኔም ቅጹ ላይ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ካምፖች ስም ጻፍሁ። ፈርሜም አስረከብሁ።

ግምቱ ትንሽ ሆኖ ወጣ። መርፌውም በዚያው ልክ መጣ።

በዓመቱ፣ ይርሳው የሚባል የጎጃም ሳሉግ ሆዱ አብጦ፣ በወንድሙ ተደግፎ ጤና ጣቢያ መጣ። መርፌው ካለቀ ሰንብቷል። ወደ ጎንደር የሚላክበት ወረቀት እስኪጻፍለት አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁና፣ አምና ቀይ መሐረብ ደርሶት እንደነበር ጠየቅሁት። ለእሱ አስቤ አልነበረም። አዎ እንዲለኝ ፈልጌ ነው። ከሚሞት ሰው ለራሴ ማረፊያ የምለምን እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

«ሸሕዲ ላይ ሰው አስሮት አይቻለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኛማ ከወንዝ ማዶ ነበርን። ማን መጥቶ፣ ጋሼ?»

ጎንደር ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ።

ያን ቀን እንኳ ቢሮ ገብቼ ቅጹ ሐሰት ነው ማለት እችል ነበር። አላልሁም። ፈራሁ፤ ከዚያ ደግሞ ለመድሁት። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅር ማለት የሚችለው ይርሳው ነበር። ዘንድሮም ሰሊጡ ደርሷል፤ መኪኖቹ ሰው ጭነው እየወረዱ ነው። የመርፌው ዕቅድ አሁንም የሚሠራው እኔ በጻፍሁት ቁጥር ነው።