ሰኞ ይመጣል የተባለው መኪና

ሜቶዲ ካራንፊሎቭ ከተጠበሰ ቀይ ቃሪያ አይቫር የሚባል ማባያ በሚሠራው የስትሩሚትሳ ከተማ ፋብሪካ የምርት ዕቅድ ሲያወጣ በኖረባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት በደንብ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ማን ምን ያህል እንደሚዋሽ። ጠርሙስ የምትገዛው ብላጉና «ነገ ይገባል» ካለች በአራተኛው ቀን ይገባል። የመጥበሻ ክፍሉ አለቃ ቫንጌል «አንድ መኪና ቃሪያ ለመጥበስ ሦስት ቀን» ካለ ቀን ተኩል ይበቃዋል። ቫንጌልስ ምን ያድርግ? ሜቶዲ የነገሩትን ሁሉ በግማሽ ይቆርጣል። እነሱ እንደሚቆረጥባቸው ስለሚያውቁ ይጨምራሉ፤ እሱ መጨመራቸውን ስለሚያውቅ ይቆርጣል። ይህንን መቆራረጥ ሜቶዲ ለራሱ «ጥበብ» ይለው ነበር። ባለቀለም ካርዶች ከሰካበት የግድግዳ ሰሌዳ ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲቆም፣ ፋብሪካው የሚሽከረከረው በእሱ ጭንቅላት ይመስለው ነበር። ቀላል ሰው አልነበረም፤ ቢያንስ ለራሱ።

አምና ጭነት ዘገየና የፋብሪካው ባለቤት ዛጎርካ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ሜቶዲ፣ እንደ ሰው ፋብሪካ የዕቅድ ሶፍትዌር እንገዛለን። መራጩ አንተ ነህ። ለዘንድሮ ቃሪያ ካልደረሰ ግን ሰሌዳህን አውርደህ መጋዘን ጠርሙስ ትቆጥራለህ። ሰማህ?»

«ሰማሁ፣ ወይዘሮ ዛጎርካ። እኔ ከመረጥኩት ምን ይጠፋል ብለው ነው?» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ሦስት ሻጮች መጡ። የመጀመሪያው ስለ ጠርሙስ እጥረት አጥብቆ ጠየቀው፤ ሜቶዲ «ነገረኛ» አለው። ሁለተኛው፣ ሰው ሁሉ በሰዓት ምን ያህል እንደሚሠራ ልለካ ቢል፣ «እኛ ሰዎች ነን እንጂ ቆጣሪ አይደለንም» ብሎ ሸኘው። ሦስተኛው ሰሌዳው ፊት ቆሞ ራሱን ነቀነቀና «ይኼማ ሙዚየም ነው የሚገባው» አለ። ሜቶዲ በደስታ ቀላ። የዚያኑ ዕለት ሦስተኛውን መረጠ። ሰውየው ያሾፈ መሆኑ የገባው ከሁለት ወር በኋላ፣ ጥርሱን ሲፍቅ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

ሶፍትዌሩን ልትተክል የመጣችው ኢስክራ የምትባል መሐንዲስ ነበረች፤ ረጋ ያለች፣ ከዓይኗ ምንም የማያመልጥ። «ጋሽ ሜቶዲ፣ እያንዳንዱ ሥራ የሚፈጀውን ጊዜ ያምጡልኝ» አለችው። ሜቶዲ ክፍል ለክፍል ዞሮ ሁሉንም አስፈረመ። ኮምፒውተር የተከበረ ነገር ነውና ልማዱን ትቶ አንዲት ቁጥር እንኳ ሳይቆርጥ፣ የተነገረውን እንዳለ አስገባ። ማህተምም አስመታበት።

ማሽኑ አሰላና ስክሪኑ ዳር እስከ ዳር ቀላ። መስከረም ላይ የሚገባው ቃሪያ አይቫር ሆኖ የሚወጣው መጋቢት ነው አለ።

«መጋቢት?» አለች ዛጎርካ። «እስከዚያማ ቃሪያው ራሱ በእግሩ ይሄዳል።»

«ማሽኑ ገና ፋብሪካውን አልለመደም» አለ ሜቶዲ።

ዛጎርካ ስትወጣ ኢስክራ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «ማሽኑ የነገሩትን ያምናል። የቱ ነው ውሸቱ?»

«ሁሉም።»

«እውነቱን ያውቁታል አይደል? እሱን ይንገሩኝ።»

ሜቶዲ ሃያ ሁለት ዓመት ሲገምት እንጂ ሲያውቅ አልኖረም። ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየና ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረበት።

ቃሪያው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ ቫንጌል ሄደ። ቫንጌል አበልጁ ነው፤ ልጁን ኤሌናን ክርስትና ያነሳት ሜቶዲ ነው።

«አበልጄ፣ ትክክለኛዋን ቁጥር ስጠኝ። አልቆርጥብህም።»

«ተው እንጂ! ተኩላ ጥርሱ ይወልቃል እንጂ አመሉ ይለቀዋል?» ቫንጌል ሳቀ። «አንተ መጀመሪያ ያንተን ተናገር፤ ከዚያ ሁላችንም እንናገራለን።»

ቫንጌል ለቀልድ ነው ያለው። ሜቶዲን ግን ወጋው፤ የራሱ አንዲት ውሸት ነበረችውና። የጫኚው ኩባንያ መኪና የሚመጣው ረቡዕ ነው፤ ሁልጊዜም ረቡዕ ነው። ሜቶዲ ግን ሰሌዳው ላይ ሰኞ ብሎ ይጽፋል፣ ሰኞ ብሎ ያዋክባል፤ ሰኞ ሲቀር «መንገድ ላይ ተበላሸ» ይላል። ሰኞ የተባለ ሰው ለረቡዕ ይደርሳል። ከሚስቱ በቀር ማንም አያውቅም።

በማግስቱ ምሳ ላይ፣ ሁሉም ባቄላውን በዳቦ ሲጠርግ፣ ሜቶዲ ተነሥቶ ቆመ። ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ ጠፋው።

«መኪናው ሰኞ መጥቶ አያውቅም» አለ። «ረቡዕ ነው የሚመጣው። ሰኞ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ብላጉና «ዓይኑን በጨው ያጠበ!» ብላ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሜቶዲም ተገላገልኩ ብሎ አብሮ ሊስቅ ሲል ቫንጌል ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አምና የኤሌና ሰርግ እሑድ ነበር» አለ። «ምሳው ሳይነሣ ትቼ የመጣሁት ለሰኞው መኪና ነው።»

ሳቁ ቆመ። ሜቶዲ ያን ቀን ያስታውሳል። ቫንጌል ልብሱን ቀይሮ ከሰርጉ ድግስ ሲወጣ አይቶታል። ሊጠራው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ «አንዴ የተባለ ተብሏል» ብሎ ተቀምጧል።

ቫንጌል ወደ ኢስክራ ዞረ። «ልጄ፣ ጻፊ። መጥበስ አንድ ቀን ተኩል ነው።» ብላጉናም ጠርሙስ አራት ቀን አለች። ከዚያ የቀሩት ተራ በተራ ተናገሩ።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ እንደገና አሰላ፤ ሁሉም በጥቅምት አጋማሽ ያልቃል አለ። ዘንድሮ አንድም ቃሪያ አልበሰበሰም፣ አንድም ጭነት አልዘገየም። ዛጎርካ ሰው ሁሉ ፊት የሜቶዲን እጅ ጨበጠች፤ መጋዘኑም ቀረለት።

የመጨረሻው መኪና ረቡዕ ተጭኖ ሲወጣ ሜቶዲ የመጥበሻ ክፍሉ በር ላይ ቫንጌልን ጠበቀው።

«አበልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

ቫንጌል ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። «የሰርጉን ቪዲዮ አይተኸዋል? እኔ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሙሽራዋን ይዞ ጭፈራውን የሚመራው አባት ነው፤ እኔ ስለሌለሁ ቪዲዮው ላይ የምትመራው አንተ ነህ። እጇን ይዘህ።» ጓንቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ደግሞ ጥሩ ትጨፍራለህ» አለና ምድጃውን ሊያጠፋ ገባ።